የያንግትዜና የአሙር ባለጢም ዓሦች፦ ከታኪሱሩስ ወገን የትኛውን እንምረጥ?

በቻይናዎቹ ከተሞች በዉሃን ወይም በቼንግዱ የዓሣ ገበያ አንድ ገንዳ ውስጥ ቅርፊት የሌላቸው፣ ጢማም፣ መልካቸው ከቢጫ እስከ ጥቁር የሚለያይ ዓሦች ተደባልቀው ይዋኛሉ። ሻጩ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ ዋጋቸው፣ እድገታቸውና የኦክስጅን እጥረትን የመቋቋም አቅማቸው ግን አንድ አይደለም። የዋናው ዝርያ፣ የቢጫው፣ የመጽሐፍ ስም ሁዋንግሳንግዩ ነው። ሲቹዋን ላይ ሁዋንግላዲንግ ይሉታል፤ ሻንጋይና ጂያንግሱ ላይ አንግጺዩ። ኮሪያዎች ዶንግጃጌ፣ በሰፈር አጠራር ደግሞ ፓጋሳሪ ይሉታል። ጃፓኖች የቅርብ ዘመዶቹን ጊጊ ብለው ይጠራሉ። ፓጋሳሪም ሆነ ጊጊ የድምፅ ስሞች ናቸው፤ ዓሣው ሲያዝ የደረቱን እሾህ ከመጋጠሚያው ጋር እያፋጨ የሚያሰማውን ድምፅ ይመስላሉ።

ለእርባታ፣ ለማዕድ ወይም ለመስታወት ገንዳ ከእነዚህ አንዱን የሚመርጥ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ ከመልክ ላይ ማንሳት አለበት። ይኸው ቢጫ ዓሣ በደፈረሰ ውኃ ይፈዛል፣ በጨለማ ገንዳ ይጠቁራል፣ ተጨንቆ ሲወጣ ደግሞ ጥቁር ጥለቱ ጠፍቶ እንደ በሰለ ሙዝ ቢጫ ብቻ ሊሆን ይችላል። የማይለወጠው አጥንቱ ነው። ከአጥንቱም በላይ የሚታመነው የደረት ክንፉ እሾህ ነው። ይህ መመሪያ በብዛት የሚገኙትን አራት ዝርያዎች፣ ማለትም ቢጫውን፣ ጥቁሩን፣ የኡሱሪውንና ባለረጅም አፍንጫውን፣ እንዲሁም ከእነሱ የተገኙ ሁለት የእርባታ ዘሮችን ያወዳድራል፤ በመጨረሻም ለመስታወት ገንዳ የሚሆኑትንና ፈጽሞ የማይነኩትን ያነሣል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስማቸው ለምን ይምታታል?

ታኪሱሩስ የአንድ ወገን ስም ነው። ወገኑ ባግሪዴ ከተባለው አስተኔ፣ አስተኔው ደግሞ ባለጢም ዓሦችን ሁሉ ከሚይዘው ሲሉሪፎርምስ ከተባለው ክፍለመደብ ውስጥ ይገባል። ይህ አስተኔ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በጫሞና በአባያ ሐይቆች የሚጠመደው ባግሩስ ዶክማክ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። አምባዛ ግን ክላሪዴ የተባለ የሌላ አስተኔ ልጅ ነው። ስለዚህ የቻይናው ቢጫ ዓሣ የሥጋ ዝምድናው ከጫሞው ባግሩስ ጋር እንጂ ከጣናው አምባዛ ጋር አይደለም። ሁለቱም አራት ጥንድ ጢም ስላላቸው በጢም ቆጠራ አይለዩም። የሚለያቸው ጀርባቸው ነው። አምባዛ እሾህ የሌለው ረጅም የጀርባ ክንፍ አለው፤ ጀርባውን እስከ ጅራቱ አጠገብ ይሸፍነዋል። ታኪሱሩስ አጭር፣ ፊቱ ጠንካራ እሾህ የቆመበት የጀርባ ክንፍ አለው፤ ከእሱ ኋላ ጨረር የሌላት ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ትከተላለች።

ወገኑን የሰየመው ፈረንሳዊው ላሴፔድ ነው፤ ዘመኑ 1803 ነበር። ዓሣውን ራሱን አላየም፤ የገለጸው አንድ የቻይና ሥዕል ተመልክቶ ነው። ስሙ ከግሪክ «ፈጣን ጅራት» ማለት ነው። ከሥዕል በቀር ናሙና ባለመኖሩ ሊቃውንት ስሙን ለረጅም ዘመን ለባሕር ባለጢም ዓሦች ሲሰጡት ኖረዋል። የንጹሕ ውኃዎቹ ደግሞ ፔልቴኦባግሩስ፣ ፕሴውዶባግሩስና ሌዮካሲስ በሚሉ ስሞች ተከፋፈሉ። ሥዕሉ የዚህ የንጹሕ ውኃ ዓሣ መሆኑ በ2007 ተመርምሮ ማጣቀሻ ናሙና ከተመደበለት በኋላ ታኪሱሩስ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ዛሬ አንዳንዱ ሊቅ ከ30 በላይ የምሥራቅ እስያ ዝርያዎችን ሁሉ በዚህ አንድ ስም ይጠቀልላል፤ ሌላው ሰውነታቸው የረዘመውንና ጅራታቸው እምብዛም ያልተሰነጠቀውን በፕሴውዶባግሩስ ሥር ለይቶ ያስቀምጣል። በእኛ ግምት መጠቅለሉ ይሻላል። የዘረመል ጥናቶች የድሮዎቹ ወገኖች ድንበር እርስ በርስ እንደሚጣረስ ደጋግመው አሳይተዋልና።

ይህ ለገዢው ምን ይጠቅመዋል? በአንድ ሰነድ ላይ ፔልቴኦባግሩስ ፉልቪድራኮ፣ በሌላው ታኪሱሩስ ፉልቪድራኮ ተጽፎ ብታገኙ ያው አንድ ዓሣ ነው። ስለ መኖም ሆነ ስለ በሽታ መረጃ ስትፈልጉ የመጀመሪያውን ቃል ትታችሁ በሁለተኛው ፈልጉ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም። ከአራቱ ዝርያዎች ይህን ደንብ የሚያፈርሰው ባለረጅም አፍንጫው ነው፤ በድሮ ጽሑፎች ሌዮካሲስ ሎንጂሮስትሪስ፣ በአንዳንድ አዳዲሶቹ ታኪሱሩስ ዱመሪሊ ተብሎ ይገኛል።

በጥፍር የሚደረገው ፍተሻ

ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ያዙት። ከኋላ በኩል መጥታችሁ አውራ ጣትና አመልካች ጣታችሁን በሁለቱ የደረት እሾሆች ብብት ውስጥ አስገቡና ቆልፉት፤ መዳፋችሁ ከሆዱ ሥር ይሁን። እሾሁ ከተዘረጋ በኋላ ከሥሩ ስለሚቆለፍ ገፍቶ ማጠፍ አይቻልም፤ የሚታገል ሰው እጁን ያስበጣል። አሁን በሌላው እጃችሁ ጥፍር የእሾሁን የፊት ጠርዝ፣ ማለትም ወደ ዓሣው ራስ የሚያየውን፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ በቀስታ ፈትሹ። ቀጥሎ የኋላውን ጠርዝ እንዲሁ አድርጉ።

የፊቱም የኋላውም ጠርዝ ጥፍር ላይ እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ በእጃችሁ ያለው ቢጫው፣ ፉልቪድራኮ ነው። የፊቱ ጥርስ ደቃቅ ነው፣ የኋላው ትልልቅ፤ ሁለቱም ግን በግልጽ ይሰማሉ። የፊቱ ለስላሳ ሆኖ የኋላው ብቻ የሚነክስ ከሆነ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ነውና ወደ ጅራቱና ወደ ጢሙ እለፉ።

ጥቁሩ፣ ቫቼሊ፣ ጅራቱ በጥልቀት የተሰነጠቀ ነው። የላይኛው መንጋጋው ጢም ረጅምና ጥቁር ሲሆን ወደ ኋላ ሲሳብ የደረት ክንፉን ሥር አልፎ ይሄዳል፤ የቢጫው ጢም እዚያው ሥሩ አካባቢ ያበቃል። የኡሱሪው፣ ኡሱሪየንሲስ፣ ቀጠን ብሎ የረዘመ ነው። ጅራቱ ጥልቅ ስንጥቅ የለውም፤ ጫፉ በመጠኑ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ከጀርባ ያለችው ሥጋማ ክንፍም ረዘም ትላለች። ባለረጅም አፍንጫውን አንዴ ያየ አይስተውም። አፍንጫው ከአፉ ቀድሞ ሾጥጦ ይወጣል፣ አፉ ከሥር ነው፣ ዓይኑ ትንንሽ፣ ጢሙ አጭር፣ ቆዳው ግራጫ ያለበት ሮዝ፣ ሆዱ ነጭ ነው። በገበያ ብዙ ጊዜ ከሚቀላቀሉት አንዱ አሙር አምባዛ የሚባለው ሲሉሩስ አሶቱስ ነው። እሱ ሥጋማ ክንፍ የለውም፤ ሲያድግ ሁለት ጥንድ ጢም ብቻ ይቀረዋል፤ ከሆዱ በታች ያለው ክንፍም እስከ ጅራቱ ይዘልቃል። ሥጋማ ክንፍ የሌለው ባለጢም ዓሣ ከዚህ ወገን አይደለም፤ ይህን አንድ ምልክት የያዘ ሰው ግማሹን ስህተት ያስቀራል።

ለኩሬ የሚመርጥ ሰው

ቻይና ውስጥ ቢጫው በየዓመቱ ከ500,000 ቶን በላይ ይመረታል። ይህ ማለት ግን ማንኛውም የቢጫ ጫጩት ያተርፋል ማለት አይደለም። የዚህ ዝርያ ትልቁ ችግር ሴቷ ናት። በእኩል ዕድሜ ወንዱ ከሴቷ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ገበያው የሚፈልገው ከ100 እስከ 150 ግራም የሚመዝን ዓሣ ስለሆነ ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ኩሬ ሲጣራ ግማሹ ለሽያጭ ደርሶ ግማሹ መኖ በልቶ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ያደገ ዓሣ ጾታው በቀላሉ ይለያል፤ ወንዱ ከፊንጢጣው ኋላ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ያለች ሹል ጉጥ አለችው፣ ሴቷ ግን ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላት። ጫጩት ላይ ግን ይህ አይታይም። መለየት ያለበት ከዘሩ ነው።

ለዚህ ነው በ2010 «ሁሉም ወንድ ቁጥር 1» የተባለው ዘር በቻይና መንግሥት የጸደቀው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዓሣ የሴቷ የጾታ ክሮሞዞም ኤክስኤክስ፣ የወንዱ ኤክስዋይ ነው። ተመራማሪዎች አንዳንድ ወንድ ጫጩቶችን በሆርሞን አካላዊ ሴት አድርገው ካሳደጉ በኋላ ከእነሱ ዋይዋይ የሆኑ ወንዶችን አወጡ፤ የትኛው ዋይዋይ እንደሆነ የሚለዩትም በዘረመል ምልክት ነው። ዋይዋይ ወንድ ከተራ ሴት ጋር ሲዳቀል የሚወለደው ሁሉ ኤክስዋይ፣ ማለትም ወንድ ይሆናል። አንባቢ እዚህ ላይ የሚጠይቀው ተገቢ ጥያቄ አለ፤ ሆርሞን ያለበት ዓሣ ነው ወይ የምንበላው? አይደለም። ሆርሞን የተሰጠው ከበርካታ ትውልድ በፊት ለነበረ ቅድመ አያት ነው፤ ኩሬ የሚገባው ጫጩት ራሱ ምንም አይሰጠውም።

ሁለተኛው ዘር በ2018 የጸደቀው «ሁዋንግዩ ቁጥር 1» ነው። እናቱ ቢጫዋ፣ አባቱ ጥቁሩ ነው። ከጥቁሩ ፈጣን እድገት፣ ከቢጫዋ ደግሞ ገበያው የሚወደውን መልክ ይወስዳል፤ በወንድና በሴት መካከል ያለው የክብደት ልዩነትም ይጠባል። ዓሣውን አይቶ ድቅል መሆኑን ማረጋገጥ ከባድ ነው፤ የሚታመነው የጫጩት ማራቢያው ሰነድ ብቻ ነው። ከድቅሉ እንቁላል ወስዶ ራስን መቻል ግን ስህተት ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ጥንካሬ ወደ ሁለተኛው አይወርድም፤ አንዱ ፈጥኖ ያድጋል፣ አንዱ ይቀነጭራል። ከኩሬ አምልጦ ወንዝ የገባው ደግሞ የዱሩን ዘር ይበክላል።

ንጹሕ ጥቁሩን የሚመርጥ ሰው ፈጣን እድገትና ተለቅ ያለ ዓሣ ያገኛል። ችግሩ ድንጉጥና ለኦክስጅን እጥረት ቶሎ የሚሸነፍ መሆኑ ነው። ኦክስጅን ማስገቢያ ማሽን ወይም አስተማማኝ መብራት የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻለዋል። የኡሱሪው የቀዝቃዛ አገር ዓሣ ነው፤ ከአሙር ተፋሰስና ከኮሪያ የመጣ በመሆኑ ብርድ ለሚበረታበት ሰሜን ቻይና ይስማማል፤ ክብደቱም ከቢጫው በጣም ይበልጣል። ግን ለገበያ የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ገንዘቡን ቶሎ ማዞር የሚፈልግ አርቢ አይመርጠውም። ባለረጅም አፍንጫው ደግሞ የትዕግሥትና የካፒታል ዓሣ ነው። አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ሆኖ ይሸጣል፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ውኃውም ሁልጊዜ ንጹሕና ኦክስጅን የጠገበ ሊሆን ይገባል።

ለጀማሪ የሚሻለው ድቅሉ ወይም ሁሉም ወንድ የሆነው ቢጫ ነው። ኩሬው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይጥለቅ። የቻይና አርቢ መሬቱን የሚለካው በሙ ነው፤ አንድ ሙ 667 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሙ ከ3 እስከ 5 ግራም የሚመዝኑ ከ8,000 እስከ 10,000 ጫጩቶች ይገባሉ። ከእነሱ ጋር አልጌውን እንዲበሉ ጥቂት ነጭና ባለትልቅ ራስ የቻይና ካርፖች ይጨመራሉ። 8,000 አስገብታችሁ 85 በመቶው ቢተርፍና አማካይ ክብደቱ 120 ግራም ቢሆን 816 ኪሎ ይወጣል። አንድ ኪሎ ለመጨመር ከ1.3 እስከ 1.5 ኪሎ መኖ ስለሚፈልግ ከአንድ ቶን በላይ መኖ አስቀድሞ በበጀት መያዝ አለበት። የመኖው ፕሮቲን 40 በመቶ አካባቢ፣ ለጫጩት ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ይሁን። ርካሽ የካርፕ መኖ ሰጥቶ መቆጠብ አይቻልም። ይህ ዓሣ ትል፣ ቀንድ አውጣና ትንንሽ ዓሣ አዳኝ ነው፤ ስታርች የበዛበት መኖ ጉበቱን በስብ ይሞላዋል፤ በስብ የተሞላ ጉበት ያለው ዓሣ ደግሞ በመረብ ሲወጣ ወይም በመኪና ሲጓዝ ይሞታል።

መኖ በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጥ፤ ዓሣው የሌሊት ተመጋቢ ስለሆነ ከግማሽ የሚበልጠው ድርሻ ለምሽት ይቆይ። ምርጡ የውኃ ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ኦክስጅኑ በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ ይጠበቅ፤ ወደ 2 ሲወርድ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር መጎንጨት ይጀምራሉ። አምባዛ ለለመደ ሰው ይህ አደገኛ መዘናጊያ ነው። አምባዛ ተጨማሪ መተንፈሻ አካል ስላለው አየር ከላይ እየወሰደ በደፈረሰ ጭቃ ውስጥ ይከርማል። ለዚህም ነው በ1981 ከግብፅ ወደ ቻይና ተወስዶ በደቡቡ ክፍል የተላመደው። ታኪሱሩስ ይህ አካል የለውም። በስንጥቡ ብቻ ነው የሚተነፍሰው፤ ማታ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ከቆመ ጠዋት ኩሬው ነጭ ሆድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እንቁላል ለማስጣል የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በተፈጥሮ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ጠርዝ ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ቆፍሮ ሴቷ ከጣለች በኋላ እንቁላሉንና ጫጩቱን ይጠብቃል። በሰው እጅ ሲሆን ግን የወንዱ ቆለጥ እንደ ጣት የተቆራረጠ ስለሆነ ፈሳሹ ሆዱን በመጫን አይወጣም፤ ወንዱን አርዶ ቆለጡን አውጥቶ መፍጨት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዙር የሚሠዉ ወንዶች በቁጥር ሊታሰቡ ይገባል። እንቁላሉ ተለጣፊ ነው፤ በ25 ዲግሪ አካባቢ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል።

ኩሬውን የሚያጠፋው በሽታ

አርቢዎች «ራስ መቅላት» ወይም «ራስ መሰንጠቅ» የሚሉት በሽታ መንሥኤው ኤድዋርድሲዬላ ኢክታሉሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በአፍንጫ ቀዳዳ ገብቶ በማሽተቻ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይወጣል። መጀመሪያ በራስ ቅሉ አናት ላይ ቀይ መስመር ይታያል፣ ቀጥሎ ቆዳው ይቀደዳል፣ በመጨረሻ አጥንቱ ይበሳል። ዓሣው ራሱን ወደ ላይ፣ ጅራቱን ወደ ታች አንጠልጥሎ ይቆማል፤ ከዚያም በድንገት ይሽከረከራል። በአንጀት ከገባ ደግሞ ሆድ ይነፋል፣ በቆዳው ላይ የደም ነጠብጣብ ይወጣል። የሚበረታው ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውኃ ነው፤ ይህ ደግሞ ዓሣው በደንብ የሚበላበት ሙቀት ነው። ምልክቱ እንደታየ መኖ ይቀነስ ወይም ለጥቂት ቀን ይቁም፤ የሞተው ሁሉ በየቀኑ ይለቀም፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያው ተመርምሮ በሐኪም ይታዘዝ። በግምት የተጣለ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ከማላመድ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም።

ለካርፕ በተጻፈ መጠን ፖታሺየም ፐርማንጋኔት ወይም የመዳብ ሰልፌት መርጨትም ብዙ ኩሬ ያስጨርሳል። ቅርፊት ኬሚካልን ከሚከላከሉት አንዱ ነው፤ ይህ ዓሣ ያ ጋሻ የለውም። ማንኛውንም ኬሚካል ከመርጨታችሁ በፊት 20 ዓሣ ከኩሬው ውኃ ጋር በበርሜል አድርጋችሁ ባሰባችሁት መጠን ለ24 ሰዓት ሞክሩት።

ሲጓጓዝ ደግሞ እሾሁ ፕላስቲክ ይበሳል። በከረጢት ከሆነ ድርብ ይሁን፤ ካደገ ግን ከረጢቱን ትታችሁ በበርሜል ውሰዱት። መረቡም ቋጠሮ የሌለውና ዓይኑ የጠበበ ይሁን፤ ጥርሱ ያለው እሾህ በክር ከተጠመደ ክሩን ከመቁረጥ በቀር መፍትሔ የለም፤ በኃይል መሳብ እሾሁን ከሥሩ ይገነጥለዋል፣ ቁስሉም የሻጋታ መግቢያ ይሆናል።

እሾሁ ሰው ከወጋም ቀላል አይደለም። በደረትና በጀርባ እሾሆቹ ቆዳ ውስጥ መርዝ አለ፤ ሕመሙ ከቁስሉ መጠን በላይ ነው። የተወጋውን እጅ ሳያቃጥል በሚቻለው ያህል ሙቅ፣ 45 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውኃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር መርዙን ያዳክማል። የውኃውን ሙቀት ባልተወጋው እጅ ለኩ፤ የተወጋው ስለሚደነዝዝ ይሳሳታል። የእሾሁ ስባሪ ውስጥ ከቀረ፣ እብጠቱ ከጨመረ ወይም የቴታነስ ክትባታችሁ ካለፈበት ወደ ሐኪም ሂዱ።

ለማዕድ

ከመግዛት በፊት ለብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ቤት የሚያሳስብ ጉዳይ አለ። ከእነዚህ ዓሦች አንዱም ቅርፊት የለውም። አምባዛን በዘሌዋውያን 11 ሕግ መሠረት የማይበላ ቤተሰብ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በእስራኤል፣ እነዚህንም በዚያው ሚዛን ማየት አለበት። ሬስቶራንት ውስጥ ዓሣው ተቆርጦና ተቀቅሎ ስለሚመጣ ቅርፊት ይኑረው አይኑረው ከሳህኑ ላይ መለየት አይቻልም፤ ስሙን ጠይቁ። በአሜሪካ ከ2002 ጀምሮ «ካትፊሽ» የሚለው የገበያ ስም በሕግ ለሰሜን አሜሪካው አስተኔ ብቻ ስለተሰጠ የእስያ ባለጢም ዓሦች በሌላ ስም ነው የሚሸጡት፤ ያ ቃል በጥቅሉ ላይ አለመኖሩ ዓሣው ቅርፊት አለው ማለት አይደለም።

ለመረቅ ቢጫውን የሚስተካከል የለም። ትንሽ ነው፣ ሙሉውን ይገባል፣ በሥጋው መካከል የሚሰነቀሩ ደቃቅ አጥንቶች የሉትም፤ ስለዚህ ለልጅና ለአረጋዊ ይመቻል። በቻይና ቤቶች ከቶፉ ጋር ነጭ መረቅ እስኪወጣው ይቀቀላል፣ በሲቹዋን በቃሪያና በበርበሬ ድስት ይገባል፤ ኮሪያዎች የሚያቃጥል ወጥ ይሠሩታል። የሚጠየቀው ክብደት 100 ግራም አካባቢ ነው፤ ከዚያ የገዘፈ ለአንድ ሳህን ይበዛል፣ ሥጋውም ይጠነክራል። ድቅሉም በዚህ ረገድ ይሄዳል። ጥቁሩ በጣዕም ብዙ አያንስም፣ ገዢ ግን በመልኩ ስለሚሸሸው ረከስ ይላል፤ ለቤቱ የሚገዛ ሰው ጥቁሩን ቢወስድ ያተርፋል። ዓሣው እንደ ሙዝ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጥለቱ ከጠፋ በመኖ ወይም በጭንቀት የተጎዳ ነው፤ ተዉት።

ለእንግዳ የሚቀርበው ባለረጅም አፍንጫው ነው። ቾንግቺንግና ሲቹዋን ላይ ጂያንግትዋን ይባላል፤ በእንፋሎት ይበስላል። ሥጋው ወፍራም፣ ቆዳው ሙጫማ ነው። ሁቤይ ውስጥ ሺሾው በተባለችው ከተማ አካባቢ ከሚያዘው ዓሣ የአየር ከረጢቱ ብቻ ተለይቶ ይደርቃል። ከረጢቱ ወፍራምና ነጭ ነው፤ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት በውስጡ ጫፎቹ ከፍ ዝቅ የሚሉ፣ የብዕር ማስቀመጫ የሚመስል ተራራ ይታያል። የደረቀው ከረጢት የገበያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቅርጽ ነው። የደረቀውን ስትገዙ እንዲሁ ከፍ አድርጋችሁ እዩ፤ ይህ ጥላ ከሌለው የሌላ ዓሣ ከረጢት ሊሆን ይችላል።

ለመስታወት ገንዳ

ለቤት ከወገኑ ትንንሾቹ ይሻላሉ፤ ለምሳሌ ኒቲዱስ የተባለው፣ ጢሙ አጭርና ቆዳው አብለጭላጭ የሆነው። ቢጫው ከ30 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ቢያንስ 300 ሊትር ገንዳ ይሻል፤ አፉ የሚያስገባውን ዓሣ ሁሉ ሌሊት ይበላል። ማሞቂያ አያስፈልገውም፤ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የሚያስፈልገው የውኃ ፍሰት፣ ጥላና የሚደበቅበት ቱቦ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ቱቦ፣ አንድም ትርፍ ይኑር፤ አለዚያ እየተናከሱ ክንፍ ይቆራረጣሉ። ወለሉ ደቃቅ፣ ክብ አሸዋ ይሁን። ሹል ጠጠር ጢማቸውን እየፋቀ ያሳጥረዋል፤ ጢም ያጠረ ዓሣ ምግቡን ማግኘት ይቸገራል፣ በተፋቀውም ቦታ ሻጋታ ይወጣል።

የምትኖሩበትን አገር ሕግ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጃፓን ቢጫውን በ2016 ጎጂ መጤ ዝርያ ብላ ስለመዘገበች ያለ ፈቃድ በሕይወት ማቆየትም ሆነ ማጓጓዝ አይቻልም፤ ካሱሚጋውራ ሐይቅ ገብቶ ተራብቶባታል። የራሷን ትንሽ ዝርያ ኢቺካዋይን፣ በሕዝቡ አጠራር ኔኮጊጊን፣ ደግሞ ከ1977 ጀምሮ በብሔራዊ የተፈጥሮ ቅርስነት ትጠብቃለች። ይህ ዓሣ ወደ ኢሴና ወደ ሚካዋ ባሕረ ሰላጤዎች ከሚፈሱ ወንዞች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ኮሪያም በናክዶንግ ወንዝ ብቻ የሚኖረውን ብሬቪኮርፑስን በ2005 እንዲሁ አስከብራለች። ሁለቱም ትንንሽና ውብ ስለሆኑ የገንዳ ወዳጅን ዓይን ይስባሉ። ወንዝ ዳር መረብ ስትጥሉ አጭርና ጥልቅ ሰውነት፣ ቡናማ ላይ ቢጫ ጥለት ያለው፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ባለጢም ዓሣ ከገባባችሁ ፎቶ እንኳ ለማንሳት ከውኃ አታውጡት፤ መረቡን ዝቅ አድርጋችሁ በዚያው ቦታ ልቀቁት።